ሩፈስ፦ ፍላሻችሁን ወደ ዊንዶው መጫኛ የምትቀይር ትንሽ ፕሮግራም

ላፕቶፓችሁ አልነሳ ካለ ዊንዶው ለማስጫን ብር ከማውጣታችሁ በፊት ይህችን አንብቡ። የሚሠራ የጓደኛ ኮምፒውተር፣ 8 ጊጋባይት ፍላሽ እና ሩፈስ ካላችሁ ራሳችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ።

ዊንዶውም ሆነ ሊኑክስ ከኢንተርኔት የሚወርደው አይኤስኦ በሚባል ፋይል ነው። አይኤስኦ ማለት የአንድ ሙሉ ዲስክ ግልባጭ በአንድ ፋይል ታሽጎ ማለት ነው። ድሮ ዲቪዲ ላይ በርን ይደረግ ነበር። አሁን አብዛኛው ላፕቶፕ የዲቪዲ ማጫወቻ ስለሌለው ሥራው ወደ ፍላሽ ዞሯል። ብዙ ሰው ግን ፋይሉን ፍላሹ ላይ ኮፒ ፔስት ያደርግና "እንቢ አለኝ" ይላል። እንቢ ማለቱ አይቀርም! ኮምፒውተሩ ሲበራ የሚፈልጋቸው የማስነሻ ፋይሎች አይኤስኦው ውስጥ እንደታሸጉ ናቸው። አውጥቶ በየቦታቸው የሚያስቀምጥ ፕሮግራም ያስፈልጋል።

ሩፈስ ይህን ትሠራለች። ፒት ባታርድ የተባለ ፕሮግራመር የሠራት ሲሆን ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለች። ነፃ ናት፣ ኮዷም ለሁሉም ክፍት ነው። መጠኗ ከአንድ ዘፈን ያንሳል፤ ዳታ የሚበላው የዊንዶው ፋይሉ ነው፣ የዊንዶው 11 ከ5 ጊጋባይት ይበልጣል። ዋይፋይ ፈልጉለት።

የምትሠራው ዊንዶው ላይ ብቻ ነው። የስልክ አፕ የላትም፣ በስሟ የሚለጠፍ ኤፒኬ ካያችሁ እለፉት። ትክክለኛው አድራሻ ሩፈስ፣ ነጥብ፣ ከዚያ አይ እና ኢ የሚሉት ሁለት ፊደላት ነው።

አጠቃቀሟ ቀላል ነው። ፍላሹን ሰክታችሁ ትከፍቷታላችሁ፣ ሴሌክት በሚለው አይኤስኦውን ትመርጣላችሁ፣ ከዚያ ስታርት። ፓርቲሽን ስኪም የሚለው ላይ ለአዳዲስ ማሽኖች ጂፒቲ፣ ለቆዩት ኤምቢአር ይሁን። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ሁለት ፍላሽ ከተሰካ አንዱን ንቀሉት፤ የምርቃት ፎቶ ያለበትን መርጦ ስታርት ማለት ቀላል ነው።

ከዚያ ፍላሹን የተበላሸው ላፕቶፕ ላይ ሰክታችሁ እያበራችሁ ዴል እና ሌኖቮ ላይ ኤፍ12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ9 ደጋግማችሁ ንኩ። ከሚመጣው ዝርዝር ፍላሹን መምረጥ ነው።

ላፕቶፑ ውስጥ ያልተገለበጠ ፋይል ካለስ? እኛ ከዊንዶው በፊት ሊኑክስ ሚንት ሞክሩ እንላለን፣ እሱም ነፃ ነው። በሩፈስ ፍላሽ ላይ ከተጻፈ በኋላ ምንም ሳይጫን ከፍላሹ ይነሳል። ሃርድ ዲስኩ ራሱ ካልሞተ ከፍታችሁት ፎቶና ዶክመንታችሁን ወደ ሌላ ፍላሽ ትገለብጣላችሁ። ዲስኩ በቢትሎከር ከተቆለፈ ግን መክፈቻ ቁልፉን ይጠይቃችኋል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው የማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ነው።