በማን ያልቅ?

መምህር በነበርኩበት ዘመን ስለ ተረትና ምሳሌ ሳስተምር «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ሰሌዳ ላይ እጽፍና የተማሪዎቼን አስተያየት እጠይቅ ነበር። ወንዶቹ ይስቃሉ፤ ሴቶቹ አንገታቸውን ደፍተው ደብተራቸውን ያያሉ። አንድ ዓመት ግን ከወላይታ የመጣች፣ ብዙም የማትናገር ልጅ እጇን አወጣች። «መምህር፣ እኛ አገር እንሰቱን የሚተክለው ወንድ ነው። የምትፍቀው፣ ቀብራ የምታበላልተው፣ ጋግራ ለገበታ የምታደርሰው ግን ሴት ናት። ታዲያ በማን አለቀ?» አለችኝ። ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔም መልስ ስላልነበረኝ ሌላ ተረት ጽፌ አለፍኩ።

ያቺ ልጅ ትዝ ያለችኝ በ2015 ዓ.ም. ነው። ጥር 29 ቀን፣ ሰኞ ዕለት፣ የወላይታ ሕዝብ ከሌሎች አምስት ዞኖችና አምስት ልዩ ወረዳዎች ጋር ለሕዝበ ውሳኔ ወጣ። ጥያቄው በአንድ ክልል እንደራጅ ወይስ አንደራጅ የሚል ነበር። ለሚደግፍ ነጭ ርግብ፣ ለማይደግፍ ጎጆ ቤት በምልክትነት ቀረበ። የሌላው አካባቢ ውጤት ሲጸድቅ የወላይታው ግን በድምፅ አሰጣጡ ላይ በታየው የሕግ ጥሰት ምክንያት በምርጫ ቦርድ ተሰረዘ። ሕዝቡ ሰኔ 12 ቀን፣ እንደገና ሰኞ ዕለት፣ ለሁለተኛ ጊዜ ተሰለፈ። ርግቧ አሸነፈች። ነሐሴ 13 ቀን የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ፤ ወላይታ ሶዶም የክልሉ የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ ሆነች።

ርግቧ ትሻል ነበር ወይስ ጎጆው የሚለው የዛሬ ጉዳዬ አይደለም። ጉዳዬ ሰልፉ ነው። እስቲ አስቡት፤ አንዲት እናት ውኃውን ቀድታ፣ ልጁን አዝላ ወይ ለጎረቤት ሰጥታ፣ የገበያዋን ነገር ትታ ትሰለፋለች። ከወራት በኋላ «ያኛው አልተቆጠረም፤ ድገሚ» ትባላለች። ትደግማለች። አንድ ድምፅ ስንት እንደሚያወጣ የሚያውቅ፣ ይህን ያህል የከፈለበት ሰው ነው። የዚያን ድምፅ ዋጋ ለመረዳት ወደ ኋላ መለስ ማለት ያስፈልጋል።

በ1923ቱ ሕገ መንግሥት ሕዝብ መራጭ አልነበረም። የሕግ መምሪያ ምክር ቤቱን አባላት የሚመርጡት መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት ነበሩ። በ1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ግን ዕድሜው 21 ዓመት የሞላው ኢትዮጵያዊ፣ ወንድ ሴት ሳይባል፣ እንዲመርጥ ፈቀደ። ከዚያ በኋላ በተደረገው የመጀመሪያው ምርጫ ደራሲዋና የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር የነበሩት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ፓርላማ ገቡ። ስንዱ የተማሩት ስዊዘርላንድ ነው። የሚገርመው፣ ያስተማረቻቸው ስዊዘርላንድ ለራሷ ሴቶች በአገር አቀፍ ምርጫ ድምፅ የመስጠት መብት የሰጠችው በ1963 ዓ.ም. ነው፤ እሳቸው ፓርላማ ከገቡ ከብዙ ዓመታት በኋላ መሆኑ ነው። እንግዲህ የሴት ድምፅ ከውጭ የመጣ ፋሽን ነው የሚል ካለ ይህን ይያዝልኝ።

ግን ራሳችንን አናታልል። በዚያ ሕግ ዕጩ ለመሆን ንብረት ያስፈልግ ነበር። በስሟ ንብረት ያላት ሴት ስንት ነበረች? ወላይታ ያኔ በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ሥር አውራጃ ነበር፤ በሌላ ሰው መሬት ላይ ለሚኖር ጭሰኛና ለጭሰኛ ሚስት በሩ በወረቀት ተከፍቶ በተግባር ተዘግቶ ቆየ። በደርግ ዘመንም የ1979ኙ የሸንጎ ምርጫ ነበር። ዕጩ አቅራቢዎቹ ግን ፓርቲውና በእሱ ሥር ያሉት ማኅበራት ነበሩና ሕዝቡ የመረጠው ቀድሞ ከተመረጠለት ውስጥ ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 የሴቶችን እኩልነት ደነገገ፤ ያለፈውን በደል ለማካካስም የድጋፍ እርምጃ እንዲወሰድ ፈቀደ። ቁጥሩም ማደጉ አልቀረም። ከ547 የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫ ሴቶች በ1992 ምርጫ 42፣ በ1997 ምርጫ 117፣ በ2002 ምርጫ 152፣ በ2007 ምርጫ 212 አገኙ። ከ2013ቱ ምርጫ በኋላም ድርሻቸው ከ40 በመቶ በላይ ሆነ። ይህ ለብዙ አገሮች የሚያስቀና ቁጥር ነው።

ታዲያ ችግሩ ምንድነው? በ2007 ምርጫ ሁሉንም መቀመጫ የወሰዱት ገዢው ግንባርና አጋሮቹ ነበሩ። 212ቱ ሴቶች የገቡት ፓርቲያቸው በዝርዝሩ ላይ ስላሰፈራቸው ነው። ይህን የምለው ሴቶቹን ለማሳነስ አይደለም፤ ወንዶቹም የገቡት በዚያው በር ነው። ነገር ግን ያስገባህ ፓርቲ ብቻ ከሆነ የምትፈራውም እሱን ብቻ ነው። ቁጥር አንድ ነገር፣ ድምፅ ሌላ ነገር።

ይህ ጎልቶ የሚታየው ቀበሌ ላይ ነው። በ2000 ዓ.ም. የአካባቢ ምርጫ የቀበሌ ምክር ቤቶች አባላት ቁጥር ከ15 ወደ 300 ከፍ ተደረገ። በመላ አገሪቱ የመቀመጫው ብዛት 3.6 ሚሊዮን ገደማ ደረሰ። ለስንቷ ሴት ቦታ እንደነበር አስቡ! ግን በ2000ም ሆነ በ2005 ዋና ዋናዎቹ ተቃዋሚዎች አልተወዳደሩም ወይም አቋርጠው ወጡ፤ መቀመጫውን ከሞላ ጎደል አንድ ወገን ሞላው። ወንበሩ በዛ፣ ምርጫው ጠፋ። በ2010 ሊደረግ የነበረው የአካባቢ ምርጫ ደግሞ ተላለፈ፤ ሳይካሄድም ዓመታት ነጎዱ። ስለ ፓርላማው ምርጫ መራዘም ስንቱ ሲከራከር፣ ስለ ቀበሌው ማን ጮኸ? እኔም አልጮህኩም።

መጮህ ነበረብን። ለምን ብትሉ፣ የሴቷ ኑሮ የሚወሰነው እዚያ ነው። የውኃ ቦኖው የት ይተከል? በሴፍቲኔት ዝርዝር ማን ይግባ? የመሬት ክርክር ሲነሳ ማን ይመስክር? በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራውን በእግራቸው እየዞሩ የተሸከሙት ሴቶች ናቸው። ሥራው ሲሆን ሴት፣ ውሳኔው ሲሆን ወንድ። ተረቱ እኮ አልሞተም፤ ሰብሳቢ ሆኖ ተቀምጧል።

የአካባቢ ወንበር ትንሽ ነው ለሚል ደግሞ ወላይታን ልጥራ። በ1992 ወላይታን፣ ጋሞን፣ ጎፋንና ዳውሮን በአንድ ቅይጥ የመማሪያ ቋንቋ ለማስተማር መጻሕፍት ታትመው መጡ። ስሙም ከአራቱ የመጀመሪያ ፊደላት «ወጋጎዳ» ተባለ። ወላጅ አልተጠየቀም፤ በልጁ አፍ ላይ ግን ተወሰነ። ሶዶ ተነሳች፤ ሰው ሞተ፣ ብዙ ሰው ታሰረ። በመጨረሻ መጻሕፍቱ ቀሩ፤ በ1993 ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ሕዝብን ቀድሞ መጠየቅ ስንት ሕይወት ባተረፈ ነበር!

ከዚያ ታኅሣሥ 10 ቀን 2011 የዞኑ ምክር ቤት ወላይታ ክልል ይሁን ሲል በሙሉ ድምፅ ወሰነ። ልብ በሉ፤ በአንቀጽ 47 መሠረት የክልልነት ጥያቄ የሚጀምረው ከብሔረሰቡ ምክር ቤት የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ነው። ያ «ትንሽ» የተባለ ምክር ቤት የአገሪቱን ካርታ የማንቀሳቀስ ቁልፍ በእጁ አለ። ሕዝበ ውሳኔው በአንድ ዓመት ውስጥ መደረግ ሲገባው ዘገየ። ነሐሴ 3 ቀን 2012 የዞኑ አመራሮች ታሰሩ፤ በተከተለው ተቃውሞ እንደገና ደም ፈሰሰ። በ2015 የቀረበው ጥያቄም ወላይታ ብቻውን ክልል ይሁን የሚል ሳይሆን ከሌሎች ጋር የሚል ነበር።

በ1999ኙ ቆጠራ የወላይታ ዞን ሕዝብ 1,501,112 ሲሆን 761,579ኙ ሴቶች ነበሩ። ከእኩሌታ በላይ ማለት ነው። ዕጣቸው በእነዚያ አዳራሾች ሲቆረጥ እጃቸውን ለማውጣት የተቀመጡት ግን ስንቶቹ ናቸው?

ሴት ወንበር ላይ ብትቀመጥ ምን ይለወጣል ለሚል ሕንድን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1993 በተሻሻለው ሕገ መንግሥት የመንደር ምክር ቤቶች መቀመጫ አንድ ሦስተኛው ለሴቶች ተለየ። በዌስት ቤንጋልና በራጃስታን ያጠኑ የኢኮኖሚ ባለሙያዎች በሴት የሚመሩት መንደሮች ለመጠጥ ውኃ የበለጠ ገንዘብ እንደሚመድቡ አገኙ። ምሥጢር የለውም፤ እንስራውን የምትሸከመው እሷ ስለሆነች የምንጩን ርቀት ታውቀዋለች።

እኛም አገር ምልክቱ አለ። የወላይታው ድምፅ ሲሰረዝና ሲደገም የምርጫ ቦርዱ ሰብሳቢ ሴት ነበሩ፤ ቀድሞ ዳኛ፣ ኋላም የፓርቲ መሪና እስረኛ የነበሩት ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ። በወላይታ ምድር ድምፁ ይቁም ወይስ ይደገም የሚለው በወንድ ብቻ አላለቀም።

ስለዚህ ሁለቱን አንለያያቸው። ፉክክር በሌለበት ምርጫ የተቀመጠች ሴት ጌጥ ትሆናለች፤ ሴት የሌለችበት ምርጫም ግማሽ ምርጫ ነው። የአካባቢ ምርጫ ቀን ሲቆረጥ «የቀበሌ ነገር ነው» ብለን ቤት አንቅር። ዕጩዎቹን እንወቅ፤ ለወንዱም ለሴቷም ስለ ውኃው አንድ ዓይነት ጥያቄ እናቅርብ፤ ቆጠራውንም እስከ መጨረሻው እንከታተል።

ያቺ ተማሪዬ ዛሬ ትልቅ ሰው ሆናለች። ያን ዕለት መልስ ስላልሰጠኋት ይቆጨኛል። ያኔ ሌላ ተረት ከምጽፍ ያንን አጥፍቼ ጠመኔውን ለእሷ መስጠት ነበረብኝ።