የአባባ ተስፋዬ ሰዓት

ባለፈው ዓመት አንድ ምሽት መብራት ጠፍቶ ሳለ ትንሹ ልጄ ተረት እንድነግረው ጠየቀኝ። ደስ ብሎኝ «ተረት ተረት» አልኩት። ዝም ብሎ አየኝ። «የላም በረት» ተብሎ እንደሚመለስ አያውቅም ነበር። ነግሬው ቀጠልኩ፤ ግን ተረቱ መካከል ላይ ስደርስ ፍጻሜው ጠፋብኝ። የሰማሁበት ቤትና የተራኪው ድምፅ ግን እንደ ትናንት ትዝ ይሉኛል።

ተራኪው ተስፋዬ ሳህሉ ነበሩ፤ ልጅ ሁሉ «አባባ ተስፋዬ» የሚላቸው። በ1915 ዓ.ም. ባሌ ውስጥ የተወለዱት አባባ ተስፋዬ አስቀድመው የመድረክ ሰው ነበሩ። ሴቶች ቴአትር መሥራት ባልተለመደበት ዘመን የሴት ገጸ ባሕርይ ሆነው ይጫወቱ ነበር። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ወደ ልጆች ዝግጅት መጡ፤ እስከ 1998 ዓ.ም. ድረስም ከ40 ዓመት በላይ አቀረቡት።

ወጣቶች ሆይ፣ ይህን ቁጥር በቀላሉ አትለፉት። መጀመሪያ ሲያያቸው የአምስት ዓመት ልጅ የነበረ ሰው፣ ዝግጅቱ ሲያበቃ የ46 ዓመት ጎልማሳ ሆኗል። በመካከሉ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ፣ ደርግ መጥቶ ሄደ፣ ኢሕአዴግ ገባ። በየትምህርት ቤቱ የሚዘመረው ብሔራዊ መዝሙር ተለዋወጠ። የቴሌቪዥኑ ምስል ራሱ በ1970ዎቹ ከጥቁርና ነጭ ወደ ቀለም ተሸጋገረ። አባትና ልጅ በተለያየ መንግሥት ሥር ያደጉበት አገር፣ ሁለቱም የሚያውቋቸው አንድ አያት ግን ነበሩት። ልጆችን የዛሬ አበባ፣ የነገ ፍሬ እያሉ በአክብሮት ሰላምታ ይሰጡ ነበር።

እኔ ያየኋቸው ጎረቤት ቤት ነው። ሰዓቱ ሲደርስ ጫማችንን ደጅ አውልቀን ወለሉ ላይ እንደረደር ነበር። ዳንቴል የለበሰው ቴሌቪዥን ሲገለጥ የሚንሾካሾክ አልነበረም።

ትዝታ ግን ደስ የሚለውን መርጦ ያስቀራል፤ ታሪክ የቀረውንም ይጠይቃል። ያን ጊዜ ሁላችንም አንድ ነገር ያየነው ሌላ ጣቢያ ስላልነበረ ነው። ቦታ ሞልቶ ከደጅ የተመለሱ ልጆች ነበሩ። መብራት ያልደረሰበት ገጠር ያደጉት፣ አማርኛም የማይሰሙት ብዙ ልጆች የዚህ ትዝታ ተካፋዮች አይደሉም። ስለዚህ «የእኛ ዘመን ይሻል ነበር» ብዬ አልፈርድም።

ይልቅ ያ ምሽት አንድ ነገር አስተማረኝ። ተረት መንገር በቴሌቪዥን አልተጀመረም። አባባ ተስፋዬ በየምድጃው ዳር ሲነገር የኖረውን ተቀብለው ወደ መስኮቱ አመጡት። እኛ ግን እሳቸው ይነግሩልናል ብለን መንገር ተውን፤ ዝግጅቱ ሲያበቃም ናፈቅን እንጂ ቦታውን አልያዝንም። እሳቸው ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. በ94 ዓመታቸው ሲያርፉ ትልልቅ ሰዎች እንደ ልጅ አለቀሱ። እኔም አዝኛለሁ። ከዚያ በኋላ ግን አንድም ተረት ለማንም አልነገርኩም ነበር።

በማግስቱ እናቴ ዘንድ ደውዬ የጠፋብኝን ፍጻሜ ጠየቅኋት። ስቃ ነገረችኝ፤ ሌላም ጨመረችልኝ። ማታ ልጄን አስቀምጬ «ተረት ተረት» ስለው ቶሎ መለሰልኝ። እናንተም አያት ካላችሁ ዛሬውኑ ጠይቁ፤ የሰማችሁትንም ለታናናሾቻችሁ ንገሩ።