የባሌስትራው ሙግት

ከጋሸና ተገንጥሎ ወደ ላሊበላ የሚወስደው 64 ኪሎ ሜትር መንገድ ለረጅም ዘመን ጠጠር ነበር። በዚያ መንገድ ዳር ያደገ ልጅ ስለ መኪና መጀመሪያ የሚማረው ፍጥነትን ሳይሆን ባሌስትራን ነው። ጭነት የበዛበት አይሱዙ ዳገት ሥር ይቆማል፤ ሹፌሩና ረዳቱ ከሥሩ ተንጋልለው አንዱ «ብረት ይጨመርበት» ሌላው «የለም፣ ጭነቱ ይቀነስ» እያሉ ይሟገታሉ፤ እኛ ልጆቹ ከበን እናዳምጣለን። ባሌስትራ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ የሚሉትን የጣሊያን ቃላት ፊደል ሳንቆጥር ያወቅናቸው እንዲህ ነው። ከብዙ ዓመታት በኋላ ስቶክ ካር ስለሚባለው የአሜሪካኖች የመኪና እሽቅድምድም ሳነብ፣ የዚያ ሁሉ ታሪክ መነሻም የባሌስትራ ጠብ መሆኑን ባየሁ ጊዜ ብቻዬን ሳቅሁ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በደቡባዊ አሜሪካ ተራሮች፣ ቀረጥ ሳይከፈልበት በሌሊት የሚወጣውን አረቄ ወደ ከተማ የሚያደርሱ ወጣት ሹፌሮች ነበሩ። መኪናቸውን ከውጭ ሲያዩት የማንም ሰው ፎርድ ነው። ሞተሩ ግን ተነካክቷል፤ የኋላ ባሌስትራውም ጭነቱ እንዳያጎብጠውና ፖሊስ እንዳይጠረጥረው ተጠናክሯል። የሚያባርራቸው ባጡ ጊዜ እርስ በርስ ይሽቀዳደሙ ነበር። ቢል ፍራንስ የተባለ ሰው በታኅሣሥ 1947 ዴይቶና ቢች በሚገኝ ሆቴል የውድድር ሰዎችን ሰብስቦ ናስካር የተባለውን ማኅበር አቋቋመ። «ስቶክ» ማለት መኪናው ከሻጩ እጅ እንደ ወጣ፣ ሳይነካ ማለት ነው። ሕጉ ይህ ነበር፤ ተወዳዳሪዎቹ ግን መኪና ሳይነኩ ማደር የማይችሉ ሰዎች ነበሩ።

ሰኔ 19 ቀን 1949 ሻርሎት ላይ በተደረገው የመጀመሪያው የዚህ ሕግ ውድድር ግሌን ደናዌይ ቀድሞ ገባ። መርማሪዎቹ ከፎርዱ ሥር ገብተው አዩ፤ የኋላ ባሌስትራው የአረቄ ጫኞቹ ዓይነት ሆኖ ተገኘ። ድሉ ተነጥቆ ከካንሳስ ድረስ በሊንከኑ ለመጣው ለጂም ሮፐር ተሰጠ። የመኪናው ባለቤት ፍርድ ቤት ሄዶ ተከራከረ፤ ተረታም። ከዚህ ሁሉ እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሮፐር ስለ ውድድሩ የሰማው ጋዜጣ ላይ ከሚወጣ የካርቱን ታሪክ ነበር። ገና ከጅምሩ ይህ ስፖርት ሁለት ሜዳ ነበረው ማለት ነው። በአንዱ መኪናው ይዞራል፤ በሌላው ደግሞ ከሜዳው ርቀው ያሉ ሰዎች ወሬ ይለዋወጣሉ፣ ስለ መኪናው ሆድ ዕቃ ይሟገታሉ።

ኢንተርኔት የመጣው ለዚህ ለሁለተኛው ሜዳ ነው። በ1990ዎቹ ዩዝኔት በሚባለው የጽሑፍ መለዋወጫ፣ ለናስካር ብቻ የተለየ የክርክር ስፍራ ነበር። በ1996 ጄይስኪ የሚባል ገጽ ተከፈተ፤ የትኛው ነጂ በመጪው ዓመት ከየትኛው ቡድን እንደሚሆን ወሬ እያሰባሰበ የሚያወጣ የአንድ ሰው ሥራ ነበር። ከዚያ በፊት፣ በ1994፣ ፓፒረስ የተባለ ድርጅት «ናስካር ሬሲንግ» የሚባል የኮምፒዩተር ጨዋታ አወጣ። ጨዋታ ስል አንባቢ እንዳያቃልለው። በውስጡ ጋራዥ ነበረው፤ የጎማውን ነፋስ፣ የሞላውን ጥንካሬ፣ የክብደቱን ሚዛን ተጫዋቹ ራሱ ይወስናል። ሰዎች ያገኙትን ልክ በፋይል እየጻፉ ይላላኩ ጀመር፤ ቆየት ብሎም በስልክ መስመር ተገናኝተው ይወዳደሩ ጀመር። የፓፒረስ የመጨረሻው ናስካር በ2003 ወጣ። ድርጅቱ ሲዘጋ ጨዋታውን ያላስቀበሩት ወዳጆቹ ናቸው፤ አዲስ መኪናና አዲስ ሜዳ እየሠሩ ያለ ክፍያ ለዓመታት አኖሩት። ከመሥራቾቹ አንዱ ዴቪድ ኬመር ደግሞ በ2004 አይሬሲንግን መሠረተ። ይህም በ2008 ለሕዝብ ተከፈተ፤ የውድድር ሜዳዎቹን እያንዳንዱን ጉብታ በሌዘር እየለካ ወደ ኮምፒዩተር አስገባ።

ዊልያም ባይረን የመጣው ከዚህ ነው። በ1997 የተወለደው፣ ከነጂ ቤተሰብ ያልወጣው ይህ ልጅ መንዳት የተማረው በቤቱ ኮምፒዩተር ላይ ነበር (ቤተሰቡ ችግረኛ እንዳልነበረም መናገር ይገባል)። በ2024 የዴይቶና 500ን ውድድር አሸነፈ፤ በ2025 ደገመው።

ወረርሽኙ እውነተኛዎቹን ሜዳዎች በዘጋ ጊዜ፣ መጋቢት 22 ቀን 2020፣ ናስካር ነጂዎቹን በየቤታቸው አስቀምጦ በአይሬሲንግ አወዳደረ፤ ውድድሩም በቴሌቪዥን ተላለፈ። ዴኒ ሃምሊን አሸነፈ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ካይል ላርሰን በሌላ የኮምፒዩተር ውድድር መካከል፣ የሚሰማው ሰው የሌለ መስሎት ዘርን የሚያንቋሽሽ ቃል ተናገረ፤ ከእውነተኛው ቡድኑም ተባረረ። (ተመልሶ በ2021 ሻምፒዮን ሆኗል።) ከዚያ በኋላ «ይህ እኮ ጨዋታ ነው» ማለት አስቸጋሪ ሆነ።

ጥቅምት 30 ቀን 2022 ማርቲንስቪል ላይ የሆነው ግን ከሁሉ ይበልጣል። ሮስ ቻስቴይን የመጨረሻው ዙር ላይ ደርሷል፤ ለሻምፒዮናው ፍጻሜ ለማለፍ ሁለት ቦታ ጎድሎታል፤ መኪናው ደግሞ ከዚያ በላይ አይፈጥንም። በልጅነቱ በጌምኪዩብ ይጫወተው የነበረው የናስካር 2005 ጨዋታ ትዝ አለው። አምስተኛ ማርሽ አስገባ፣ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረገጠ፣ መኪናውን ከውጭኛው ግድግዳ ጋር አጣብቆ መሪውን ለቀቀው። ግድግዳውን እየፋቀ አምስት መኪና አለፈ። የመጨረሻው፣ ከመስመሩ ላይ ያለፈው ሰው፣ ያው ዴኒ ሃምሊን ነበር። ናስካር ከጥቂት ወራት በኋላ ድርጊቱ እንዳይደገም ከለከለ፤ ደናዌይን የጣለው ማኅበር ቻስቴይንን አልጣለውም።

ኢንተርኔት በአገራችን ለሕዝብ የተከፈተው ባይረን በተወለደበት በ1997 ነው። ላስታ ግን መስመሩን አግኝቶ ደጋግሞ አጥቶታል፤ በ2021 ጦርነቱ ላሊበላ ሲደርስ መብራቱም ስልኩም ጠፋ፤ ከነሐሴ 2023 ጀምሮ ደግሞ የሞባይል ኢንተርኔት በአማራ ክልል ለወራት ተዘጋ። በእነዚያ ወራት የመኪና ፍቅር ያለባቸው የከተማችን ልጆች ከአዲስ አበባ በፍላሽ የሚመጣ ቪዲዮ ከስልክ ወደ ስልክ ይገለብጡ ነበር። የቻስቴይንም እንዲሁ ደረሰን።

አንድ ቀን ለአንድ አንጋፋ ሹፌር አሳየኋቸው። ሦስት ጊዜ ደግመው አዩት።

«አንተ ልጅ፣» አሉኝ፣ «ይህ ሰው ከጋሸና ሲወርድ ይህን ቢያደርግ የሚደገፍበት ግድግዳ ከየት ያገኛል? እኛ ዘንድ ያለው ገደል ነው።»

ከዚያም ወደ ዋናው ነገር ገቡ። «በቀኝ በኩል ያለው ባሌስትራ እንዴት ቻለው?»

የዛሬው የናስካር መኪና ባሌስትራ የለውም፤ የተጠቀለለ ሞላ ነው ያለው አልሁ። «ሞላማ ቢሆን እዚያው ይሰበር ነበር» አሉ። ረዳቱም ገባበት፤ ጎማ ሊቀይሩ የቆሙ ሌሎች ሁለት ሹፌሮችም ተጨመሩ። አንዱ ግድግዳው ራሱ መኪናውን ተሸክሞታል አለ፤ ሌላው በዚያ ፍጥነት መጀመሪያ የሚሄደው የቀኝ ጎማ ነው ብሎ ተወራረደ። እስኪመሽ ተሟገትን፤ መልሱን የምንፈልግበት መስመር ስላልነበረም ማንም ሳይረታ ተለያየን።