የእስክንድር ቦጎሲያን ሥዕሎችና ከወላይታ ሶዶ የሚታዩበት መንገድ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንድ ጥያቄ መመርመር ነው፤ ይኸውም በወላይታ ሶዶ የሚኖር ተማሪ የዘመናዊውን የኢትዮጵያ ሥዕል የሚያውቀው በምን መንገድ ነው? የሚል ነው። ከተማችን ከአዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ስለዚህ ብዙዎቻችን የአንድን ሠዓሊ ሥራ መጀመሪያ የምናየው በእጅ ስልክ፣ በኢንተርኔት አማካይነት ነው።

ለዚህ ጥናት ያነሣሣን ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ የደረሰን አንድ ሥዕል ነው። የሠዓሊው ስም አልተጻፈበትም። ከመካከላችን አንዱ የባዕድ አገር ሰው ሥራ ነው አለ፤ ሌላው ከአስማት መጽሐፍ የተቀዳ ነው አለ። ስንመረምረው የእስክንድር ቦጎሲያን ሥራ ሆኖ ተገኘ። የገዛ አገራችንን ሠዓሊ ሳናውቀው መቅረታችን አሳፈረን፤ ምክንያቱንም ለመፈለግ ተነሣን። (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዘመኑ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።)

እስክንድር በ1937 በአዲስ አበባ ተወለደ። በ1955 በመንግሥት የትምህርት ዕርዳታ ወደ ለንደን ሄደ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ወደ ፓሪስ ተሻግሮ ዘጠኝ ዓመት ያህል ተቀመጠ። በዚያም ከኩባዊው ከዊፍሬዶ ላምና ከቺሊያዊው ከሮቤርቶ ማታ ሥራዎች ብዙ ተማረ። በ1963 የፓሪስ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ሥራውን ገዛ፤ «የጁጁ ሠርግ» የተባለው የ1964 ሥዕሉም በኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ገባ። በ1966 ወደ አገሩ ተመልሶ፣ በ1950 ዓ.ም. በአቶ አለ ፈለገ ሰላም መሥራችነት በተከፈተው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እስከ 1969 አስተማረ። ከዚያም ወደ አሜሪካ ሄዶ በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት አስተማረ፤ በ2003 ዐረፈ።

እስክንድርን የሱሪያሊዝም ደቀ መዝሙር ብቻ አድርገው የሚቈጥሩት አሉ። ሱሪያሊዝም አንድሬ ብርቶን በ1924 ባወጣው መግለጫ መርሑ የተገለጸ፣ ሕልምንና ከአእምሮ ቁጥጥር ውጪ ያለውን አሳብ ወደ ጥበብ የሚያመጣ ንቅናቄ ነው። ለእኛ ግን ይህ አስተያየት ግማሽ እውነት ይመስለናል። በሥዕሎቹ ላይ የሚያፈጡት ዓይኖችና ክንፍ ያላቸው ፍጥረታት በብራና ክታብ ላይ ከጥንት ጀምሮ የነበሩ ናቸው። ክታቡ የሚሣለው በሽተኛውን ከክፉ መንፈስ ለመጠበቅ ነው እንጂ ለጌጥ አይደለም። እንግዲህ እስክንድር በፓሪስ ያገኘው አዲስ ነገር፣ ከቤቱ ይዞት የሄደውን ለማየት የሚያስችል ዓይን ነበር ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ስልኩ እንመለስ። «የጁጁ ሠርግ» በተቈረጠና በተቀደደ ካርቶን ላይ የተሠራ፣ ቁመቱም ስፋቱም ግማሽ ሜትር ያህል የሆነ ሥዕል ነው። በዚያው በ1964 የተሠራውና በአሜሪካ በሰሜን ካሮላይና የሥነ ጥበብ ሙዚየም የሚገኘው «የፍርሃትና የደስታ የሌሊት በረራ» ግን በሁለቱም ወገን ከአንድ ሜትር በላይ ነው። በስልክ መስተዋት ላይ ሁለቱም የመዳፍ ያህል ሆነው ይታያሉ፤ የካርቶኑ ቅድ ለስላሳ ይሆናል፤ የትልቁም ሥዕል ግዝፈት ይጠፋል። በፖፕ አርት ላይ የሚደርሰው ጉዳት ከዚህ ያንሳል። አንዲ ዋርሆል በ1962 ያሳያቸው 32 የሾርባ ጣሳ ሥዕሎች ከገበያ ዕቃ የተወሰዱ ስለ ሆኑ፣ ወደ ኅትመትና ወደ ማስታወቂያ ሲመለሱ እንግድነት አይሰማቸውም። በእጅ በተቀደደ ካርቶን የሚናገር ሥዕል ግን በምስሉ ብቻ አይታወቅም።

ይሁን እንጂ ኢንተርኔትን መውቀስ አንሻም፤ ያለ እርሱ ይህን ሥዕል ከነጭራሹ ባላየነው ነበር። ጉድለቱ የሚመጣው ምስሉ ስሙን፣ ዘመኑን፣ መጠኑንና የተሠራበትን ነገር ጥሎ ሲጓዝ ነው። የገብረ ክርስቶስ ደስታም ታሪክ ይህን ያስረዳል። በ1932 በሐረር ተወልዶ፣ በጀርመን በኮሎኝ ተምሮ፣ በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት የተቀበለው ይህ ሠዓሊና ባለቅኔ በ1981 በስደት በአሜሪካ ሞተ። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስሙ የተሰየመ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም አለ። ስሙ ከሥራው ጋር ተጠብቆ ባይቈይ ኖሮ ይህ ባልሆነም ነበር።

ከዚህ ላይ ነገሩ ወደ ራሳችን ይመጣል። በወላይታ ጪናሻ የሚባሉ ሸክላ ሠሪዎች አሉ። ድስቱን፣ እንስራውንና ጀበናውን የሚሠሩት ሴቶቹ ናቸው፤ ኅብረተሰቡም በዕቃቸው ሲበላና ሲጠጣ ኖሮ ራሳቸውን ግን በጋብቻም በማዕድም ሲያርቅ ቈይቷል። ቀይ፣ ጥቍርና ቢጫ መስመር ያለውን የወላይታን ዱንጉዛ ደግሞ በጊፋታ በዓል ሁሉ ሰው ይለብሰዋል፤ ፎቶግራፉም በየስልኩ ይዞራል። የሠሪው ስም ግን አብሮ አይዞርም። እስክንድርን ለአንድ ቀን የገጠመው ስም ማጣት በእነዚህ ሰዎች ላይ ዕድሜ ልክ የቈየ ነው።

የእኛ ትውልድ የባሕር ማዶውን ሥዕል በመዳፉ ለማየት ታድሏል፤ በዚያው ስልክ የጎረቤቱን ሥራ ለመመዝገብም ይችላል። ስለዚህ ከዩኒቨርሲቲያችን ተማሪዎች መካከል ፈቃደኞች የሆኑ፣ ሸክላ ሠሪዋንና ሸማኔውን አስፈቅደው፣ የእያንዳንዱን ሥራ ምስል ከሠሪው ስም፣ ከቦታው፣ ከዓመቱና ከልኩ ጋር አብረው እንዲያስቀምጡ እናሳስባለን። ሥራው ከባድ አይደለም፤ ምስሉን ስናነሣ ስምዎ ማን ነው? ብሎ ከመጠየቅ ይጀምራል።