አክስቴና የበርኑ ሐኪም

አክስቴ እንቅርቷን ያስወጣችው የዛሬ 9 ዓመት ነው። ከጎጃም መጥታ እኛ ቤት ሁለት ወር ተቀመጠችና አንድ ሆስፒታል ኦፕራሲዮን ተደረገች። ሃያ ዓመት ሙሉ በነጠላ ስትሸፍነው የኖረችውን አንገት ገልጣ ፎቶ የተነሳችው ያኔ ነው። አያቴም እንቅርት ነበረባት። እሷማ «መድኃኒት ነው» ተብሎ አንገቷን ዙሪያውን ተነቅሳ ነበር፤ ንቅሳቱ አማረባት እንጂ እንቅርቱ ንቅንቅ አላለም።

ከዓመት በኋላ አክስቴ ሌላ ሰው ሆነች። በግንቦት ፀሐይ ጋቢ ደርባ ትቀመጣለች። ፊቷ ተነፋ፣ ድምጿ ጎረነነ፣ ጠጉሯ ሳሳ። አንድ ነገር ጠይቃችኋት መልሱ እስኪመጣ ቡና ይፈላል። ያቺ ገበያውን በአንድ እግሯ ታቆም የነበረች ሴትዮ ተቀምጣ ታንቀላፋለች። ዘመዱ ግማሹ «ዓይነ ጥላ ነው» አለ፣ ግማሹ «አንገቷ አማረ ብለው ቀንተውባት ነው» አለ። ጠበል ከረመች። በመጨረሻ አንድ ወጣት ሐኪም የአንገቷን ጠባሳ አየና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቃት።

«እናቴ፣ ክኒኑን እየወሰዱ ነው?»

«የምን ክኒን?»

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያ «የምን ክኒን?» ነው። ለካ አክስቴ የገጠማት ነገር ከመቶ አርባ ዓመት በፊት ስዊዘርላንድ ውስጥ ተደርሶበት፣ ተጽፎ፣ ታትሞ ያለቀ ጉዳይ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ስዊዘርላንድ ስንል ዛሬ የሚታየን ቸኮሌትና ባንክ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን የእንቅርት አገር ነበረች። በተራራው መንደር ሁሉ እንቅርት ነው፤ ከዚያም የከፋ፣ መስማትና መናገር የማይችሉ፣ ቁመታቸው የቀረ፣ አእምሯቸው ያልጎለበተ ልጆች ይወለዱ ነበር። በርን ከተማ ላይ ቴዎዶር ኮኸር የሚባል የቀዶ ሕክምና ፕሮፌሰር ነበር። ከእሱ በፊት እንቅርት መቅደድ ማለት ሰውን በደም መፍሰስ መግደል ማለት ነበር ቢባል ብዙም ማጋነን አይደለም። ኮኸር ግን እጁ የረጋ፣ ጥንቁቅ ሰው ነው። ደም ሥሮቹን አንድ በአንድ እያሰረ ይሠራል። በሽተኞቹ መዳን ጀመሩ። እንቅርቱ ተመልሶ እንዳያድግም አንዳንዶቹ ላይ ዕጢዋን ሙልጭ አድርጎ ማውጣት ጀመረ። ለምን አያወጣ? ያኔ ያቺ አንገት ላይ በቢራቢሮ ቅርጽ የተለጠፈች ታይሮይድ የምትባል ዕጢ ለምን እንደምትጠቅም የሚያውቅ አልነበረም።

1874 ላይ ዕጢዋን ያወጣላት አንዲት ትንሽ ልጅ ነበረች። አካባቢዋ ያለ ሐኪም ልጅቷ እንደተለወጠች፣ እንደፈዘዘች ለኮኸር ነገረው። ዓመታት አለፉ። ከዚያ 1882 ላይ ዣክ ሉዊ ሬቨርዲን የሚባል የጄኔቫ ሐኪም የራሱ በሽተኞች ተመሳሳይ ነገር እንዳሳዩ ገለጸ። ኮኸር ደነገጠ፤ ድሮ የቀደዳቸውን ሰዎች አስጠራ። ያቺ ልጅ ከታናሽ እህቷ ጋር መጣች። ድሮ መልካቸው አንድ ነበር። አሁን ታናሽየዋ በቁመት በልጣታለች፤ ታላቂቱ አጭር፣ ፊቷ የተነፋ፣ ነገር የማይገባት ሆናለች። ዕጢያቸው ሙሉ በሙሉ ከወጣ 18 ሰዎች 16ቱ እንደዚያው ሆነው ተገኙ።

እኔ ኮኸርን የማከብረው ለዚህ ነው። ደብቆ ማለፍ ይችል ነበር፤ ስሙ የገነነ፣ ሬሳ ሳይሆን ሰው ያስወጣ ሐኪም ነው፣ ማን ይጠይቀዋል? እሱ ግን 1883 ላይ በጀርመን ሐኪሞች ጉባኤ ፊት ቆሞ «እኔ ነኝ እንዲህ ያደረግኋቸው» የሚል ሪፖርት አቀረበ። ከዚያ በኋላ ለተራ እንቅርት ዕጢዋን ጨርሶ ማውጣት ተወ። 1909 ላይ የኖቤል ሽልማት ሲሰጠው በቀዶ ሕክምና ሙያ የመጀመሪያው ሆነ።

ታዲያ ዕጢዋ ምን ነበር የምትሠራው? እንግሊዝ አገር ኒውካስል ውስጥ ጆርጅ መሪ የሚባል ወጣት ሐኪም 1891 ላይ ቀላል የሚመስል ነገር ሞከረ። የበግ ታይሮይድ ወስዶ፣ ጭማቂውን አጣርቶ፣ ልክ እንደ አክስቴ ለፈዘዘች የ46 ዓመት ሴት በመርፌ ሰጣት። ሴትዮዋ ነቃች! 28 ዓመት ተጨማሪ ኖራ በ74 ዓመቷ ነው ያረፈችው። እስከዚያ ድረስ የወሰደችው መድኃኒት ከ870 በላይ በጎች ዕጢ የተዘጋጀ ነበር። አንድ ሰው ለማኖር የአንድ ሰፈር የፋሲካ በግ ማለት ነው።

ልብ በሉ፣ ያኔ «ሆርሞን» የሚል ቃል እንኳ አልነበረም። ቃሉን ያመጣው ኧርነስት ስታርሊንግ ነው፣ ለንደን ላይ፣ 1905። ከግሪክ ነው የተወሰደው፤ «መቀስቀስ» እንደማለት ነው። አንድ ዕጢ ደም ውስጥ መልእክት ይለቃል፣ ደሙ ያደርሰዋል፣ ሩቅ ያለው አካል ይሰማል። የታይሮይድ መልእክት ለመላው ሰውነት ነው፦ ልብ በዚህ ፍጥነት ምታ፣ ምግቡን በዚህ ልክ አንድድ፣ ሙቀት አምጣ። መልእክቱ ሲቋረጥ ሰው በግንቦት ጋቢ ይደርባል።

መልእክቱ የሚሠራው ደግሞ ከአዮዲን ነው። ኦይገን ባውማን የሚባል ጀርመናዊ 1895 ላይ ዕጢዋ ውስጥ አዮዲን አገኘ። የሚያስፈልገን መጠን በጣም ጥቂት ነው፤ አንድ አዋቂ በቀን 150 ማይክሮግራም ይበቃዋል። የሙሉ ዕድሜያችሁ ድርሻ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ግን ያቺ ጥቂቷ ከጠፋች፣ ጭንቅላት ሥር ያለችው ፒቱታሪ የምትባለው ዕጢ የሆርሞኑን ማነስ ታይና «ሥሪ እንጂ!» የሚል ሌላ ሆርሞን ትልካለች። ታይሮይድ ጥሬ ዕቃ የላትም። ትእዛዙ ይበረታል። ምስኪኗ ያለችውን ለቅማ ለመሥራት ስትፍጨረጨር እየገዘፈች ትሄዳለች።

ይህን ሳነብ ነው አያቴን ያስታወስኩት። እኛ እንቅርትን እንደ ትርፍ ሥጋ ነበር የምናየው፤ ለካ የረሃብ እብጠት ኖሯል። «እንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» እያልን ስንተርት እንኳ የመጀመሪያው መከራ ከየት እንደመጣ ጠይቀን አናውቅም።

የመጣው ከአፈሩ ነው። ዝናብና ጎርፍ አዮዲኑን ከተራራ አጥቦ ወደ ባሕር ይወስደዋል። አልፕስም ደጋችንም በዚህ አንድ ናቸው። ስዊዞች መፍትሔውን ጨው ውስጥ አገኙት። ባያርድ የሚባል የተራራ ሐኪም በ1918 አካባቢ አዮዲንን ከጨው ጋር በአካፋ አዋሕዶ ለመንደር ቤተሰቦች ሰጠ፤ የልጆቹ እንቅርት ጎደለ። 1922 ላይ አዮዲን ያለው ጨው በይፋ መሸጥ ተጀመረ። የሚወራው ስለ ኖቤሉ ነው፤ ለእኔ ግን ከኖቤሉ ያቺ አካፋ ትበልጣለች።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ አባቶቻችን እንደ ገንዘብ የተገበያዩበት አሞሌ ከአፋር ምድር እየተቆረጠ በግመል ደጋ ይወጣ ነበር፤ አዮዲን ግን እዚህ ግባ የሚባል የለውም። በ1980 አካባቢ በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ከተመረመሩት ተማሪዎች 30 በመቶ ያህሉ እንቅርት ነበረባቸው። ቆይቶ ከኤርትራ ወደቦች የሚመጣው ጨው አዮዲን ይጨመርበት ጀመር። 1998 ላይ ጦርነቱ መንገዱን ዘጋው፤ ገበያውን ያልታከመ የአፍዴራ ጨው ሞላው። ጦርነት ስንቆጥር ሬሳ እንቆጥራለን፤ እናቶች ጨው ውስጥ ያጡትን ማን ይቆጥራል? ፅንስ በመጀመሪያዎቹ ወራት አእምሮው የሚሠራው በእናቱ ታይሮይድ ሆርሞን ነው፤ በዚያ ጊዜ የጎደለው በኋላ አይካካስም። ጨው በአዮዲን እንዲታከም የሚያስገድደው ደንብ የወጣው 2011 ላይ ነው። በዚያው ዓመት ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘበት ቤት 15 በመቶ ነበር፣ 2016 ላይ 89 በመቶ። ደንቡ የወጣው ስዊዞች ከጀመሩ ከ89 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

እናቴ የከረጢት ጨው ገዝታ «ቆሻሻ አለው» ብላ አጥባ ፀሐይ ላይ ታሰጣ ነበር። አዮዲን በውኃም በፀሐይም እንደሚጠፋ ነግሬያት አሁን የታሸገውን ትገዛለች፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ነው የምትጨምረው። እየተነጫነጨች፣ ግን ትጨምራለች።

አክስቴ ክኒኑን ከጀመረች ወዲህ በሁለት በሦስት ወሩ ተመለሰች። ጋቢው ወለቀ፣ ንግግሯ ፈጠነ። «ለምን መጀመሪያውኑ አልነገሩኝም?» አለችኝ አንድ ቀን። መልስ አልነበረኝም፤ የኮኸርን ታሪክ ነገርኳት። ስለ ታናሽ እህትየዋ ስነግራት ዝም ብላ አንገቷን ዳበሰች።

አሁን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በባዶ ሆዷ ትውጠዋለች። ቡና ለመጠጣት ግን አንድ ሰዓት መጠበቅ አለባት፣ ምክንያቱም ቡናው መድኃኒቱ በደንብ እንዳይሰርግ ያደርጋል። እሱን ነው ያልቻለችው። ጀበናው ሥር ቁጭ ብላ፣ ስልኬን እያየች፣ «ስንት ደቂቃ ቀረው?» ትለኛለች።