‹‹መጫን›› የሚለው ቃልና የተሰኪዎች ታሪክ

በደሴ ሰኞ ገበያ ‹‹ጫነ›› የሚለው ግስ ማንንም አያሳስትም። ገበሬው አህያውን ጭኖ ይመጣል፤ ገበያ ሲደርስ ያራግፋል። የኮምፒውተር አማርኛ ሁለቱን ግሶች ከነጥንድነታቸው ወርሷቸዋል፤ ፕሮግራም ይጫናል፣ ይራገፋል። ‹‹ጫነ›› ሸክሙ እንደ በዛበት የሚታወቀው ግን ተሰኪ የሚባለው የሶፍትዌር ክፍል አልሠራ ያለ ጊዜ ነው።

ተሰኪ በድር አሳሽ ውስጥ እየገባ፣ አሳሹ በራሱ ሊያሳየው የማይችለውን ተንቀሳቃሽ ሥዕል፣ ድምፅ ወይም ጨዋታ የሚያሳይ ተጨማሪ ፕሮግራም ነው። ስሙ ‹‹ሰካ›› ከሚለው ግስ የወጣ በመሆኑ ለነገሩ የሚስማማ ነው። ተሰኪዎች በሰፊው የታወቁት በ1996 እ.ኤ.አ. ኔትስኬፕ ናቪጌተር 2.0 በወጣ ጊዜ ሲሆን፣ በአገራችን የኢንተርኔት አገልግሎት የተጀመረው በተከታዩ ዓመት ነው። ከሁሉም ስመ ጥሩ ፍላሽ ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ገጹ የያዘውን የይዘት ዐይነት ያስታውቃል፤ አሳሹ ለዚያ ዐይነት የሚሆን ተሰኪ በማሽኑ ላይ ይፈልጋል፤ ሲያገኝም ወደ ማኅደረ ትውስታ ያስገባዋል፤ አንዳንዴ ግን አስቀድሞ የተጠቃሚውን ፈቃድ ይጠብቃል። ስለዚህ ተሰኪው በማሽኑ ላይ ጭራሽ አለመኖሩ አንድ ነገር ነው። ኖሮ ሳለ፣ ለምሳሌ አሳሹ ባለ64 ቢት ተሰኪው ባለ32 ቢት በመሆኑ፣ መግባት አለመቻሉ ሌላ ነው። ፈቃድ አለማግኘቱም ሌላ ነው። እኛ ግን ሦስቱንም ‹‹አልተጫነም›› እንላለን።

በዚህ ላይ የፊደላችን ጠባይ ይታከልበታል። ‹‹ይጫኑ›› የሚለው ቃል ‹‹ጫ›› ላልቶ ሲነበብ ፕሮግራሙን ያስገቡ ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ቁልፉን ይጫኑት ማለት ነው። በአፍ ሲነገር ለሕፃን እንኳ ግልጽ የሆነው ልዩነት በጽሑፍ ይጠፋል።

ይህ የሰዋስው ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል። ጉግል ክሮም የቀድሞውን የተሰኪ ሥርዐት በ2015 እ.ኤ.አ. አስወገደ፤ የፍላሽ ድጋፍም ታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. አበቃ። ዛሬ አሮጌ የትምህርት ገጽ ከፍቶ ‹‹ተሰኪው አልተጫነም›› የተባለ ሰው የጐደለውን ሊጭን ፍለጋ ይነሣል፤ ፍላሽ መስለው የሚቀርቡ ጎጂ ፕሮግራሞች የሚያገኙትም በዚሁ መንገድ ላይ ነው።

በእኛ አስተያየት በማሽኑ ላይ ለማኖር ‹‹ተከለ››፣ ለማስወገድ ‹‹ነቀለ›› ቢባል፣ ‹‹ጫነ›› ወደ ማኅደረ ትውስታ ለማስገባት ብቻ ቢቀር ይሻላል። ‹‹አራገፈ›› በመለመዱ በቀላሉ እንደማይለቅ እናውቃለን። ሆኖም ‹‹ተተክሏል፣ ነገር ግን አልተጫነም›› ማለት ጠጋኙን ወደ ትክክለኛው ብልሽት ይመራዋል። ለፍላሽማ ከሦስቱ አንዱም አይስማማም፤ የሚገባው ‹‹ተቋርጧል›› ነው።