የሰጪው እጅ ካለፈ በኋላ፦ ወቅፍ፣ ኑዛዜና ዩኒቨርሲቲ

በ18ኛው ክፍለ ዘመን ካይሮ፣ በአል አዝሃር ግቢ ውስጥ የጀበርት ሪዋቅ የሚባል ክፍል ነበር። ከኢትዮጵያና ከአካባቢዋ የሄዱ ሙስሊም ተማሪዎች የሚኖሩበትና የሚማሩበት ነው። በአል አዝሃር እንዲህ ያሉ ተማሪዎችን በዳቦና በማደሪያ ይደግፍ የነበረው ወቅፍ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ሰውየው ቤቱን፣ ሱቁን ወይም እርሻውን እንዳይሸጥና እንዳይወረስ አድርጎ ይሰጣል፤ አስተዳዳሪ ይሾምለታል፤ ንብረቱ ሳይነካ ኪራዩ ብቻ ለተባለው ዓላማ ይውላል።

ታላቁ የግብፅ ታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል ጀበርቲ የተወለደው የዚህ ሪዋቅ ሼኮች ከነበሩ ቤተሰብ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ መሐመድ ዓሊ ለወቅፍ በተመደቡ የእርሻ መሬቶች ላይ እጁን ሲያሳርፍ፣ ድርጊቱን በምሬት መዝግቦ ያቆየው እሱ ነው። ለዘለዓለም ተብሎ የተሰጠ ንብረት አንድ ጠንካራ ገዢ ሲመጣ ምን እንደሚሆን ዓለም በዚያ አየ።

ኢትዮጵያም የራሷ ሥርዓት ነበራት። የደብሩ መሬት ካህኑን ያኖራል፤ መሪጌታው ቅኔና ዜማ ያስተምራል። ተማሪው ግን ኮፈዳውን ይዞ በየደጁ ይለምን ነበር። መሬቱ የታሰበው በዋናነት ለአገልግሎቱ እንጂ ለተማሪው አልነበረምና።

ለዘመናዊው ትምህርት የተሰጠው ትልቁ ስጦታ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። በታኅሣሥ 1953 የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ደም ከፈሰሰበት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ግቢውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ። በ1954 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ እዚያው ተመረቀ። ዛሬም ስድስት ኪሎ የሚገባ ተማሪ የሚረግጠው ያንን ስጦታ ነው። ይሁን እንጂ ቤተ መንግሥት ይማሩበታል እንጂ ኪራይ አያስገባም። እንዲያውም ጣሪያው እድሳት፣ ግቢው ጥበቃ ይፈልጋል።

የሚገርመው ሕጉ ቀድሞ መጥቶ ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ንብረትን ለዘለቄታው ለጠቅላላ ጥቅም ስለ መመደብና በባለአደራ ስለ ማስተዳደር በዝርዝር ደንግጓል። ልማዱ ሥር ሳይሰድ 1967 ደረሰ። በየካቲት የገጠር መሬት፣ በሐምሌ ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። ዩኒቨርሲቲው ያን ጊዜ በኑዛዜ የተተወለት እርሻ ወይም የሚከራይ ቤት ቢኖረው ኖሮ፣ ከአዋጁ ማምለጡ ያጠራጥራል።

አሁን ጥያቄው ተመልሶ መጥቷል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ2015 ጀምሮ ራስ ገዝ ነው፤ ራሱን ችሎ ገቢ እንዲያፈላልግ ይጠበቃል። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የበጎ አድራጎት ኢንዶውመንትና ትረስት ለማቋቋም በር ከፍቷል። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ባለሀብቱ አፈሩን ሊያወርስ አይችልም። ቤቱን፣ የአክሲዮን ድርሻውን፣ በባንክ ያለ ገንዘቡንና መጻሕፍቱን ግን ይችላል።

ኑዛዜ ሲጻፍ ደግሞ ወጉን መጠበቅ አለበት። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በመርሕ ደረጃ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብና መፈረም ይኖርበታል። በተናዛዡ ጽሑፍ የሚደረገው ከሆነ ከላይ እስከ ታች በራሱ እጅ የተጻፈ መሆን አለበት። ይህ ከተዘለለ የሟቹ ደግ ሐሳብ ከወራሾቹ ጋር ፍርድ ቤት ሲመላለስ ይከርማል።

የካይሮውም የስድስት ኪሎውም ታሪክ አንድ ነገር ያስተምራል። ስጦታን ዘመን የሚያሻግረው ትልቅነቱ አይደለም። አንደኛ፣ ዋናው ሳይነካ ፍሬው ብቻ የሚበላ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ሂሳቡ በየዓመቱ ለሕዝብ ይገለጥ፤ ሰው የሚያውቀውን ንብረት በጨለማ መውሰድ ይከብዳልና። ሦስተኛውና ከባዱ፣ ሰጪው ሲያልፍ መንግሥት ራሱ የማይነካው መሆኑን የሚያረጋግጥ ሕግና ፍርድ ቤት ነው። ይህ ሦስተኛው እስካልታመነ ድረስ ለልጁ እንጂ ለዩኒቨርሲቲ የማይናዘዝ ሰው ስስታም ሊባል አይገባም። 1967ን የሚያስታውስ ሰው ነው።